በደጃፋቸው አመድ እየነሰነሱ የኖሩት ወይዘሮ ጣሂራ ጀዕፈር

ወይዘሮ ጣሂራ ጀዕፈር ከአባታቸው ከጀዕፈር ሙርሳልና ከእናታቸው ከኢንዓም ኦመር፣ ከአሶሳ ወጣ ብላ በምትገኝ የወርቅ አጣቢዎች መንደር በ1858 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። ቁርኣንን ከአባታቸው፣ ወርቅ ማጠብን ከእናታቸው ተማሩ። ገበቴ ሲይዙ እጃቸው የማይደክም፣ ሳቃቸው ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ሴት ነበሩ።

በ1875 ዓ.ም. ነጋዴውን ሐመድን አግብተው ሰዕዲያን ወለዱ። ሕመሙ የጀመራቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ሲነሣባቸው እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል፤ ቤት ያፈራውን ለመንገደኛ አድለው፣ ብቻቸውን ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያድራሉ። ሲለቃቸው ደግሞ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሳምንታት ይተኛሉ። የመንደሩ ሰው እንደ ልማዱ እግራቸውን ከግንድ ጋር አሰረ። ሐመድም የአራት ዓመቷን ልጅ ይዞ ወደ ዘመዶቹ ሄደ፤ ዳግመኛ ከታሰሩ ልጅቱ ደጃቸውን እንደማትረግጥ ላከባቸው።

ከግንዱ ሲፈቱ በመንደሩ ዳር ጎጆ አሠሩ። የወንድማቸውን የዐወድን ሚስት ኸድራን ጠርተውም የወርቅ ማጠቢያ ገበቴያቸውን አስረከቧት። «ሦስት ሌሊት ተኝቼ ካላደርሁ፣ ብለምንሽም ብሰድብሽም እንዳትሰጪኝ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ በደጃፋቸው አመድ ይነሰንሳሉ፤ ኸድራ ጠዋት መጥታ ታያለች። ዱካ ካለበት ሌሊቱን ሳይተኙ ወጥተዋል ማለት ነውና፣ ገበቴው በኸድራ ቤት ከተሰቀለበት አይወርድም። እስከ ቀትር ካልተረገጠ ግን ውሃ ይዛ ትገባና አጠገባቸው ዝም ብላ ትቀመጣለች። እንዲህ ሆነው ከሃያ ዓመት በላይ አለፈ። ሠርተው በሉ፤ ሰዕዲያም በየዓመቱ ከአዝመራ በኋላ እየመጣች ሰባት ቀን ትሰነብት ነበር። የቀረውን ዓመት ብቻቸውን ነበሩ። ሰው ሰላም የሚላቸው ከአጥር ውጭ ቆሞ ነው፤ ከቤታቸው እሳት የሚጭር ጎረቤት እንኳ አልነበራቸውም። ይህ እጅግ ያስከፋቸው ነበር።

በ1891 ዓ.ም.፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ደኅና ከሰነበቱ በኋላ፣ ይህን የሚጽፈው ዐወድ አንድ ማለዳ ሲስቁና ሲጫወቱ አያቸው። ድነዋል ብሎ፣ አመዱን ሳያይ ገበቴውን ሰጣቸው። ለካ ሕመሙ ተነሥቶባቸው ነበር፤ በዚያው ሌሊት የቆፈሩት ጉድጓድ ተንዶ እግራቸውን ሰበረው። ጥፋቱ የዐወድ ነው፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አልወቀሱትም። መንደርተኛው ግንድ ይዞ ሲመጣ ኸድራ በሩ ላይ ቆማ መለሰችው። ጣሂራም ነገሩ እንዲደበቅላቸው አልፈለጉም፤ የሆነውን ሁሉ ራሳቸው ለሐመድ ላኩበት። ልጅቱ በዚያም ዓመት መጣች፤ ካገባች በኋላም አልቀረችም።

በ1904 ዓ.ም. መግቢያ ሳል ጸናባቸው። በኅዳር ጋብ ሲልላቸው፣ ሰዕዲያ ልትመጣ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ ለጆሮዋ የሚሆን ወርቅ ሊያጥቡ ገበቴውን ጠየቁ። ኸድራ እንደ ቃላቸው አመዱን ጠበቀች። ሁለት ጠዋት ዱካ አልነበረበትም። ኅዳር 12 ቀን፣ በሦስተኛው ጠዋትም አልነበረበትም። ደስ ብሏት ገበቴውን አውርዳ ይዛላቸው ገባች። ጣሂራ በእንቅልፋቸው ሳሉ ዐርፈው ነበር።

አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ወንድማቸውንና ኸድራን ትተው ሄደዋል። ሰዕዲያ ከቀብሩ በኋላ ደርሳ ገበቴውን ወስዳለች። ኸድራ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ደጃፍ ትሄዳለች።

አላህ ይማራቸው፤ ማንም አመድ አይቶ የማያረጋግጠው፣ የሰላም እንቅልፍ ይስጣቸው።