የጋሽ ኑረዲን ሁለት ሸክላ ማጫወቻዎች

ሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1976

«አንዱን ምረጪና ለመምህር ውሰጂለት» አሉኝ። ሳሙና ልገዛ ገብቼ ነው እንግዲህ!

ጋሽ ኑረዲን ከባንኮኒው ጀርባ ያለውን መጋረጃ ገለጥ አድርገው ጆንያ የለበሱ ሁለት ሸክላ ማጫወቻዎች አሳዩኝ። ቀበና ያለው ይህ ሱቃቸው የሙዚቃ ቤት በነበረበት ዘመን ያስመጧቸው ናቸው። ሌላው ዕቃ ሁሉ ሲሸጥ እነዚህን ግን አልሰጥም ብለው ያዟቸው። ዛሬ በሱቁ ያለው ክብሪት፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ነው፤ እሱም ሲገኝ።

አንዱ የእንግሊዝ ነው። ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ከባድ ብረት ሲሆን ሲሽከረከር ኮሽ አይልም። ወገቤ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች አሉት። ሌላው የጀርመን፣ በዕድሜ የሚበልጠው። ሳጥኑ የሚያብረቀርቅ እንጨት፣ ድምፁ ከፊቱ ካለው አንድ ሰፊ ስፒከር ብቻ የሚወጣ። ሁለቱም በጊዜያቸው ከትልቅ ሰው ሳሎን በቀር የሚገቡበት ቤት አልነበረም።

«አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእናንተ። ቀድማችሁ እናንተ ምረጡ።»

ምን ይባላል? ባለቤቴ ታደሰ ታስሮ ሳለ፣ እኔ ከቢሮ መቅረት ባልቻልኩባቸው ቀናት ስንቁን ያደርሱለት የነበሩት የእሳቸው ባለቤት እትዬ ዘሃራ ናቸው። ይህ ሳያንስ ደግሞ ዛሬ ይህን። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ሳሙናውን ረስቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 7

ለታደሰ ነገርኩት። ጥያቄ ጠየቀኝ! ከተፈታ ወዲህ ከ«እሺ» እና ከ«ደኅና ነኝ» የዘለለ ነገር የወጣው ዛሬ ነው። «መርፌው ምን ዓይነት ነው? ክንዱ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ጎበጥ ያለ?» እኔ ምኑን አውቄው! ተሳሳቅን።

ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ በኋላ በሰው ቤት ሰብስበህ አዘመርክ ተብሎ ነው የታሰረው። የሙዚቃ መምህር ነው፤ መዘምራኑንም የሚመራው እሱ ነበር። ከተመለሰ ወዲህ ግን አንድ ቀን አልዘመረም። አኮርዲዮኑ ከአልጋ ሥር እንዳለ ነው። ጓደኞቻችን መጥተው በለሆሳስ ሲዘምሩ እሱ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል። «ድምፄ ዝጓል» ይለኛል።

እና ዛሬ ስለ መርፌ ጠየቀኝ። ጌታ ሆይ፣ ተመስገን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ከሥራ በኋላ የውይይት ክበብ ነበረብን። ሰብሳቢው ሲያብራራ እኔ በልቤ ስመርጥ ቆየሁ።

የእንግሊዙ፦ ታደሰ የሚመኘው። ምርጡ። ግን ቤታችን ጠባብ ነው፤ ስፒከሮቹን የት ላቁማቸው? ደግሞ ጋሽ ኑረዲን ሲወለውሉት አይቻለሁ። በገዛ ሽርጣቸው ነው የሚወለውሉት። የሚወዱትን ልነጥቃቸው?

የጀርመኑ፦ ኮሞዲኖ ላይ ይቀመጣል። ብወስደውም ይሉኝታ አይዘኝም። ግን ያን ሁሉ ላሳለፈ ሰው ሁለተኛውን ዕቃ ማምጣት ያሳዝነኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9



አመሻሽ ላይ ሁለታችንም ሄድን። ጋሽ ኑረዲን ሱቁን ዘግተው የእንግሊዙን አዘጋጅተው ጠበቁን። ታደሰን በሁለቱ ስፒከሮች መካከል አስቀመጡትና የቫዮሊንና የፒያኖ ሸክላ አስገቡ። ሲጀምር ጸጉሬ ቆመ። ሰዎቹ ሱቁ ውስጥ ያሉ ነው የሚመስለው፤ ቫዮሊኑ በግራ፣ ፒያኖው በቀኝ።

ታደሰ ግን አንገቱን ወዲያ ወዲህ ያደርጋል። ቆይቶ፣ «ቫዮሊኑ በጣም ራቀብኝ» አለ።

ጋሽ ኑረዲን ደንግጠው ተነሡ። ሽቦውን ነካኩ፤ ጆሯቸውን ግራው ስፒከር ላይ ለጠፉ። «ይሠራል እኮ! አስቴር፣ ነይ ስሚው እስቲ!»

ይሠራል። ጥርት ብሎ ይሠራል። ዘወር ብዬ ታደሰን አየሁት። አቀርቅሯል። ያኔ ገባኝ።



ዓርብ፣ ጥቅምት 10

ማለዳ ራሱ ነገረኝ። በጥፊ ነው። በገባ ሰሞን፣ በምርመራ ላይ። የግራ ጆሮው ከዚያ ወዲህ አይሰማም።

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ይሻለኛል እያልኩ ነዋ። ከዚያ ደግሞ ፈራሁ። አጠገቤ የሚዘምረውን ካልሰማሁ ቃና እስታለሁ፣ አስቱ። እኔ መምህራቸው ነኝ።»

ለካ ዝም ያለው ለዚህ ነው! እኔ እምነቱ የቀዘቀዘ መስሎኝ ስንት ጸለይኩ።

«ማጫወቻውን ተይው። ግማሽ ሰሚ ምን ያደርግለታል?» አለኝ።

በምሳ ሰዓት ልነግራቸው ሄድኩ። ጋሽ ኑረዲን ከጁምዓ መመለሳቸው ነበር። ሰምተው ሲያበቁ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ጆንያዎቹን ማስተካከል ጀመሩ። እኔም ያን የጀርመኑን ሳየው፣ «ጋሽ ኑረዲን፣ ይሄ እኮ ሁሉንም ነገር ከአንድ ቦታ ነው የሚያወጣው» አልኳቸው።

እጃቸው ቆመ። «እውነትሽን ነው! አንድ ጆሮ ይበቃዋል።» ትንሽ አሰቡና፣ «ግን ልብ በይ፤ መርፌው ከባድ ነው፣ አዲሶቹን ሸክላዎች ይፍቃል። የድሮዎቹን ብቻ ነው የምታስገቡበት።»

የድሮዎቹ ይበቁናል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11

መጣ! በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በታክሲ፣ ጋሽ ኑረዲን ራሳቸው አቅፈውት። በር ላይ የቀበሌው ጥበቃ፣ «ምንድን ነው?» አለ። «ያረጀ ሣጥን» አሉት። አልዋሹም።

ታደሰ መጀመሪያ ሊቀርብም አልፈለገም። ጋሽ ኑረዲን ሳይጫኑት፣ ከድሮ ሸክላዎቻቸው በአራት ድምፅ የሚዘመር የባዕድ አገር መዝሙር መርጠው አስገቡ። ቋንቋውን ማናችንም አናውቀውም። ታደሰ ቀስ ብሎ ተነሣ። ወንበሩን ጎተተና ቀኝ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዙሮ ተቀመጠ።

ሸክላው አለቀ።

«እስቲ ይደገም» አለ።

ሲደገም፣ ከመሃል ገደማ፣ ከታችኛው ድምፅ ጋር ገባ። ዝቅ አድርጎ፣ ቃል ሳይኖረው፣ በ«ላ» ብቻ። ቃናውን አልሳተም። እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ጋሽ ኑረዲን «አልሐምዱሊላህ» ሲሉና እኔ «ጌታ ይመስገን» ስል እኩል ወጣ።

ስሸኛቸው፣ «የእንግሊዙ ለእርስዎ ቀረ» አልኳቸው።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አሉኝ እየሳቁ። «እናንተ እንዳትመርጡት ስፈራ ነበር።»

እሑድ፣ ጥቅምት 12

የቀበሌው ስብሰባ ቶሎ አለቀ። ታደሰ «ወደ እንጦጦ ትንሽ እንውጣ» አለ፤ እሱ ራሱ!

ጆሮውን ሐኪም ሊያሳይ እሺ ብሏል። ይድናል አይድንም፣ አላውቅም፤ እሱም ብዙ ተስፋ አላደረገም። በባሕር ዛፉ መሃል ስንወጣ እኔ ነበርኩ የማወራው፤ እሱ አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ መንገድ ለቀን ቆምን። ሲያልፉ እጄን ያዘና በፊቱ አዙሮ ወደ ሌላኛው ጎኑ አሻገረኝ።

«በዚህ በኩል ሁኚ» አለኝ። «የምትዪው እንዳያመልጠኝ።»

ተመልሰን ቀበና ድልድይ እስክንደርስ ወሬያችን አላለቀም። ምን ምን እንዳወራን እዚህ አልጽፈውም። ብዙ ነበር።