ለእትዬ ነቀዝ ስላልተሰጠው ሽልማት

ለተከበሩ የታላላቅ ሳይንቲስቶች ሽልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ይህችን ደብዳቤ በሕዝብ ፊት ለመጻፍ በመድፈሬ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ እህል ነጋዴ ነኝ። በሕንጻችሁ ምድር ቤት ነቀዝ በብልቃጥ እያረቡ ምን እንደሚገድለው የሚያጠኑትን፣ እኛ የገበያ ሰዎች እትዬ ነቀዝ የምንላቸውን ተመራማሪ ለሽልማቱ መጠቆሜ ይታወሳል። በቆሎን በላስቲክ ከረጢት ከትተን፣ አፉን ጠምዝዘንና አጥፈን ማሰርን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው፤ ነቀዙ በከረጢቱ ውስጥ ያለውን አየር ጨርሶ ራሱ ይሞታል። ጥቆማዬ ስለተስተናገደበት መንገድ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

1. ጥቆማ የምትቀበሉት ከቅርብ አለቃ ብቻ መሆኑን ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ። አለቃቸውን ሄጄ ብጠይቅ፣ ዘንድሮ የጠቆሙት ራሳቸውን መሆኑንና ሌላ ሰው መጨመር አድልዎ እንደሚመስልባቸው በትሕትና አስረዱኝ።

2. ጸሐፊዎ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ነጋዴ እንኳ የሚገባው ነገር ነው፤ ምኑ ሳይንስ ይባላል?» ያሉኝን ቤቴ ገብቼ በዕለት ማስታወሻዬ አስፍሬዋለሁ። እውነታቸውን ነው። የተሸለመውን የእትዬ ነቀዝን አለቃ ጥናት ደጋግሜ ባነበው ምንም አልገባኝም፤ ታላቅነቱን ያመንኩትም ያኔ ነው።

3. የተሸላሚዎች ፎቶግራፍ መስቀያ ስለጠበበ የእትዬ ነቀዝ ክፍል እንዲለቀቅ፣ ነቀዞቹም ፈላ ውሃ እንዲደፋባቸው መታዘዙ ለንጽሕና ያላችሁን ፍቅር ያሳያል። ነቀዞቹ ግን ከየገበያው የተለቀሙ፣ መድኃኒት የማይበግራቸው ስለሆኑ፣ እነሱ ከሞቱ የተጀመረው አዲስ ጥናት አብሮ ይሞታል። ይህን ስናገር የንብረት ክፍል ኃላፊው «እህል ነጋዴ ሆነህ ለነቀዝ ታዝናለህ?» ብለው ከልባቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ያስቃላ።

ስቄ ስጨርስ ብልቃጦቹን ጭኜ ወደ መጋዘኔ ወሰድኳቸው። ባለቤቴ «ሌባ ጠርተህ ቁልፍ ያዝልኝ አልከው!» ብላ አኩርፋለች፤ ጎረቤቶቼም ጤንነቴን ይጠይቃሉ። እትዬ ነቀዝ ግን ነጭ ካፖርታቸውን ከሚዛኑ አጠገብ ሰቅለው፣ በጆንያዎች መካከል ሥራቸውን ቀጥለዋል። ለዚህ ያበቃችሁን እናንተ ናችሁና ውለታችሁ አይጠፋኝም።

ለሳይንስ ሲባል ሳይንቲስት ማስወጣትን ካስተማሩኝ ከእርስዎ ፊት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የነቀዞች አከራይ የሆንኩት እህል ነጋዴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የንብረት ክፍል ኃላፊው አንዱን ብልቃጥ ከነነቀዞቹ «የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው» ብለው አስቀርተው፣ ከፎቶግራፎቹ ሥር ለጌጥ እንዳኖሩት ሰማሁ። ክዳኑ የሳሳ ጨርቅ ነው፤ የሠራተኞች ክበብ እህል የሚቀመጠውም ከግድግዳው ማዶ ነው። እትዬ ነቀዝ አሳስቧቸው ቶሎ ሄጄ እንድነግራችሁ ለምነውኝ ነበር። እኔ ግን ተሸላሚ ሳይንቲስት ባለበት ሕንጻ ገብቶ ስለ ነቀዝ ማስጠንቀቅ ድፍረት መስሎ ስለታየኝ፣ በፖስታ መላኩን መረጥሁ።