ልጁን ያነገሠው ንጉሥ

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ትንሹ ልጄም ዛሬ ወደ ወንድሙ ሄደ። በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ታላቁን ልጄን በሽማግሌዎች ፊት መርቄ፣ "ከእንግዲህ የእህል መጋዘኑ አዛዥ እሱ ነው" ብዬ ነበር። ቁልፉን ግን አልሰጠሁትም። ገበያውን ገና አያውቅም። ተቀየመና ከሶዶ ወጥቶ በዴሳ ከተማ የራሱን መጋዘን ከፈተ። እናቱም ተከተለችው።

ከሰዓት በኋላ የታሪክ አስተማሪዋ ልጄ መጣች። ሰሞኑን የምታስተምረው ስለ አንድ የጥንት የእንግሊዝ ንጉሥ ነው። በሕይወት እያለ ታላቁን ልጁን አነገሠው፤ ግዛትም ግምጃ ቤትም ግን አልሰጠውም። ልጆቹ አመፁበት፤ ሚስቱም ከእነሱ ወገነች።

"ሞኝ ነው፤ ካላመነው ለምን አነገሠው?" አልኳት።

"አንተስ አባዬ፣ ቁልፉ የት ነው ያለው?" ብላ ሳቀች።

ኪሴን ስዳስስ አየችኝ።

"የንጉሡ መጨረሻ ምን ሆነ?" አልኳት።

"ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ አብልጦ የሚወደው ትንሹ ልጁም እንደከዳው ሰማ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሞተ።"

ልትሄድ ተነሳች።

"ቁልፉን ስጠኝና ነገ በዴሳ ላድርስለት" አለች።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባሱ እስኪነሳ አብሬያት ቆምኩ። እጄ ግን ከኪሴ አልወጣም።