ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር፦ የልብስ ሰፊዋ የእትዬ ትርፌ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ትርፌ እያልን የምንጠራቸው ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1940 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት አንድ ክፍል ብቻ ስለነበረው፣ አባት እንጨት በሚልጉበትና እናት በሚተኩሱበት ጥግ መካከል የቀረችው ቦታ የልጅ ነበረች። ታናሽ እህታቸው፣ ማለትም የእኔ የአንባቢው እናት፣ ስትወለድ ያቺው ቦታ ለሁለት ተከፈለች።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ ጎበዝ፣ ዝም በማለት ግን ደካማ እንደነበሩ አስተማሪያቸው መስክረዋል። መርፌ መያዝን ከእናታቸው ተማሩ። አያቴ ሜትር ይዘው አያውቁም፤ መለኪያቸው የገዛ ስንዝራቸው ነበር። ሜትር ይጠፋል፣ እጅ ግን ከባለቤቱ ጋር ያድራል ይሉ ነበር።

በ1957 ዓ.ም. በአንድ ሆቴል የልብስ እጥበት ክፍል ተቀጥረው የተቀደደ አንሶላ ሲጠግኑ ቆዩ። በ1963 ዓ.ም. የሆቴሉን የውሃ ቧንቧ ይጠግኑ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። ባለቤታቸው በ1999 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። እትዬ ትርፌ የሁለቱንም ድርሻ ስለሚያወሩ ግን ቤቱ ወሬ ጎድሎበት አያውቅም።

በ1977 ዓ.ም. በፀጉር አስተካካዩና በጫማ ጠጋኙ መካከል የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሥራቸው ቁርጥራጭ ጨርቅ በካሬ በካሬ እየሰፉ፣ ካሬዎቹን ገጣጥመው የአልጋ ልብስ ማድረግ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የታወቁት ግን ልክ በማስተካከል ነው። የሕፃን አልጋ ልብስ ያሰፋች እናት ልጇ ሲያድግ ዙሪያውን አስጨምራ ትወስዳለች። አርጅቶ ወደ ጠባብ አልጋ የሚዛወር ደግሞ አንድ ረድፍ አስቀንሶ ይወስዳል።

ጨርቅ ሲቆረጥ ስፌቱ የሚበላው ያህል ከዳር ይተዋል፤ በሙያው ይህ ትርፍ ይባላል። ትርፍ ያልተተወለት ካሬ ሲገጣጠም ያንሳል። ቁርጥራጭ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁት ትርፍ መተዉን ስለነበር፣ ትርፌ የሚለው ስም በዚያው ወጣላቸው። ሐኪም ትርፍ አንጀታቸው ይውጣ ባለ ጊዜ እንኳ፣ ትርፍ ዝም ብሎ እንደማይጣል በሰፊው ሊያስረዱት ሞክረዋል።

በ1985 ዓ.ም. አያቴ አረፉ። ከዚህ በኋላ ያለው ይታለፍ የሚል ሐሳብ ከቤተሰቡ ቀርቦ ነበር፤ እናቴ ግን ይነበብ ብላለች።

እህትማማቾቹ የእናታቸውን ቀሚሶች ተካፍለው፣ እያንዳንዳቸው ግማሹን ሰፍተው አንድ የአልጋ ልብስ ሊያወጡ ተስማሙ። ለእናታቸው ክብር ሲሉ ሜትር ላይነኩ፣ ካሬው ሁለት ስንዝር በሁለት ስንዝር እንዲሆን ተነጋገሩ። በማን ስንዝር እንደሆነ ግን አልተነጋገሩም። እትዬ ትርፌ የአናጺ አባታቸውን መዳፍ ወርሰዋል፤ የእናቴ እጅ የልጅ እጅ ነው። ካሬዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የእናቴ በየጎኑ አነሰ። ሌላውን ሁሉ አሥር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ የሚሉት ሴት በገዛ እጃቸው ተሳሳቱ።

መፍትሔው ለሙያቸው ቀላል ነበር፤ ለትንንሾቹ ዙሪያ ጨርቅ ማልበስ። እናቴ ይህን ያንቺ ጎደሎ ነው እንደማለት ቆጠረችው። ይልቅ ትልልቆቹ ይቆረጡ አለች። እትዬ ትርፌ ደግሞ ቢቆረጥ የእናታቸው ኪስና የቀሚሱ ጥልፍ አብሮ ስለሚሄድ መቀስ አላስነካም አሉ። ከዚያ በኋላ የተባለው ከጨርቅ አልፎ ስለሄደ አይነበብም። ሁለቱም የየራሳቸውን ጠቅልለው ይዘው ሄዱ፤ እንደተለያዩም ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ። በሠርግም በለቅሶም የተለያየ ረድፍ ይቀመጡ ነበር። እትዬ ትርፌ ቀኑን ሙሉ የሰውን ትንሽና ትልቅ ሲያስማሙ ውለው፣ የራሳቸውን ካሬዎች በትራስ ልብስ ከትተው ከቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠዋል። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ብሎ ሲተርታቸው ይስቁ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቻቸውን አኮማተራቸው፤ ሱቁም ተዘጋ። ቀጥሎ ልባቸው ደከመ። ባለፈው ዓመት ከአልጋ መነሣት ሲያቅታቸው፣ እናቴ ካሬዎቿን በፌስታል ይዛ ሄደች። እኔም አብሬያት ነበርኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ እጇን በብርድ ልብሱ ላይ ዘርግታ ስንዝሯን አሳየቻቸው። እትዬ ትርፌ የእርሳቸውን አጠገቡ አስቀመጡ። ጣቶቻቸው ስለማይዘረጉ ስንዝራቸው አጥሯል።

«አየሽ፣ ልክሽ ሆንኩልሽ» አሏት። እናቴ አለቀሰች፤ እኛም አለቀስን።

ወዲያው መቀስ አስመጥተው የኔን ቁረጪው አሉ። እናቴ ደግሞ የኔ ዙሪያውን ይልበስ አለች። ያን ጊዜ ለመርታት የተጣሉ እህትማማቾች፣ አሁን ለመረታት ረዘም ያለ ክርክር ገጠሙ። በመጨረሻ እናቴ አሸነፈች። የዙሪያው ጨርቅ የወጣው ከእትዬ ትርፌ ግራጫ የሥራ ሽርጥ ነው። እናቴ ትሰፋለች፤ እርሳቸው ከትራሳቸው ሆነው ጠማማ ስፌት ባዩ ቁጥር ያስተረትሯታል። በጎረምሳነቴ ጊዜ ያልሰማሁትን ሣቅ ከዚያ ክፍል ሰማሁ።

የአልጋ ልብሱ ተገጣጥሞ ሦስቱ ዳሮች እንደተቀመቀሙ፣ እትዬ ትርፌ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። ሁለት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና አንድ እህታቸው ቀርተዋል። አራተኛው ዳር ዛሬም ክፍት ነው። እትዬ ትርፌ «የልጅ ልጆቼ አልጋ ምን ያህል እንደሚሆን አይታወቅም፣ ትርፍ ይተውበት» ብለው ነበርና እናቴ አልዘጋችውም።

የሰውን አልጋ ሲያሰፉ የኖሩትን እህት፣ እናትና አክስታችንን ፈጣሪ ይቀበልልን፤ ለሰፊዋ ሰፊ ማረፊያ ይስጥልን።