ለቆጣሪ ሳጥኑ ቁልፍ ያዥ፣ ስለ አንድ ሲዲ እና ስለ አንድ ቀኝ እጅ

ሚያዝያ 2005 ዓ.ም.
ልደታ ኮንዶሚኒየም

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኃይለመለኮት፣ የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢና የቆጣሪ ሳጥኑ ብቸኛ ቁልፍ ያዥ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ ጉልበትዎ ደረጃውን ያለ ድካም እንዲወጣ፣ በተለይም ቁልፉን የሚያዞረው ቀኝ እጅዎ አንዳች ነገር እንዳያገኘው ከልብ እመኛለሁ። ስለ ቀኝ እጅዎ ይህን ያህል መጨነቄ ቢያስገርምዎ ምክንያቱን በትሕትና አስረዳለሁ።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ የምኖረው ሚስራ ነኝ። ባለቤቴ ሙስጠፋ ጌጃ ሰፈር ባለው ሱቁ ሃያ ስምንት ዓመት ልብስ የሰፋ ሰው ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ቁርስ ላይ ብርጭቆው ከእጁ ወደቀና አፉ ወደ ጎን ሄደ፤ ሆስፒታል ስናደርሰው ስትሮክ ነው አሉን። እግሩ በወሩ ተመለሰ፣ ንግግሩም ቀስ እያለ መጣ፤ ቀኝ እጁ ግን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ጭኑ ላይ ተቀመጠ። እንቅስቃሴ የምታሠራው ሲስተር ሰብለወንጌል ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ሲዲ ሰጠችኝ። «በማውስ ዓሣ የሚጠመድበት ጨዋታ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ቀኝ እጁን ማውሱ ላይ አድርጊለት። እጅ የሚመለሰው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው፤ ቀን አታባክኑ» አለችኝ። ልጃችን ሳሚያ ሐዋሳ ሥራ ስትይዝ ትታልን የሄደችው፣ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የተለወጠ፣ ዊንዶውስ 98 የተጫነበት ኮምፒውተር ነበረንና ደስ አለኝ። ከዚህ ቀጥሎ የምዘረዝረው እርስዎ በዚህ ሥራ ላይ ስላደረጉልን አስተዋጽኦ ነው።

1ኛ/ ታኅሣሥ 3 ቀን ከሰዓት በኋላ ሲዲውን አስገባሁ። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ አላነበበውም፤ ሳሚያ በስልክ እንደነገረችኝ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ጠርጌ መለስኩትና መጫን ጀመረ። ሙስጠፋ አጠገቤ ተቀምጦ ቁጥሩ ሲያድግ ያይ ነበር። ሰባ አንድ ከመቶ ላይ ሲደርስ እርስዎ ወደ ቆጣሪ ሳጥኑ ወርደው በደረጃችን ያሉትን ቤቶች መብራት በሙሉ አጠፉ። ሽቦው እየጋለ መሆኑን፣ ለደኅንነታችን ሲባል በፈለጉት ሰዓት እንደሚያጠፉ በኋላ ሰማን። ሰዓቱን አስቀድሞ አለማሳወቅዎ እኛን በሐሳብ ላለማስጨነቅ እንደሆነ ስለተረዳሁ አመሰግናለሁ።

2ኛ/ በማግስቱ ድጋሚ ስሞክር አንድ ፋይል ተበላሽቷል ብሎ እምቢ አለ። ሳሚያ «እማ፣ ግማሹ ተጭኖ ስለቀረ ነው። መጀመሪያ እሱን አጥፊውና እንደገና ጀምሪ» አለችኝ። እኔ ኮምፒውተር የማውቀው አቧራውን በመጥረግ ብቻ ነው፤ ቢሆንም እሷ በስልክ እየመራችኝ አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጅቼ አጠፋሁት፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና ጀመርኩ። ዘጠና አራት ከመቶ ላይ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ኮምፒውተሩ ጥቁር ሆኖ ነጭ ጽሑፍ ብቻ አሳየኝ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ቀርቶ ራሱም አልነሳ አለ። ሳሚያ የዊንዶውሱን ሲዲ ፈልጋ በአውቶቡስ እስክትልክልን፣ እኔም በስልክ እየተመራሁ እስክጭነው ሃያ ስድስት ቀን ሄደ። ሙስጠፋ በእነዚያ ቀናት ግራ እጁን ቀኝ እጁ ላይ ጭኖ የጠፋውን ስክሪን ያይ ነበር። ምን እንደሚያስብ ጠይቄው አላውቅም፤ ፈራሁ።

3ኛ/ ጥር ላይ ቤትዎ ድረስ መጥቼ በቀን ለአንዲት ሰዓት ብቻ መብራቱን እንዳያጠፉብን መለመኔን ያስታውሳሉ። በክብር ተቀበሉኝ። «ወይዘሮ ሚስራ፣ ብሎኩ ከሚቃጠል የእርስዎ ጌም ቢቀር ይሻላል» አሉኝ። ለሕክምና እንደሆነ ስነግርዎ የሲዲውን ሽፋን ተቀብለው፣ መነጽርዎን አድርገው፣ ግራ ቀኝ አገላብጠው «እዚህ ላይ የተሳለው ዓሣ ነው፤ ስለ ሕክምና የሚል ነገር የለበትም» አሉኝ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የተሞላበት ምርመራ ሆስፒታልም አላየሁም።

4ኛ/ በዚያው ሳምንት «የኮምፒውተር ጌም በመጫወት መስመሩን የሚያጨናንቁ ነዋሪዎች» የሚል ማስታወቂያ በመግቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ነዋሪዎች ተብሎ የተጻፈው ግን አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የሙስጠፋ ሙሉ ስም ከነቤት ቁጥሩ፣ ከነማኅተሙ። ሙስጠፋ የደረጃውን ብረት ይዞ ለመራመድ ሲወርድ አነበበው። ተመልሶ ወጣና፣ ቃል ለማውጣት ገና እየታገለ፣ «አውጪው ይሄን ዕቃ። በዚህ ዕድሜዬ ስሜ በጌም ተለጠፈ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ደረጃውን አልወረደም፤ ለጁምዓ እንኳ አልሄደም። ሐኪም እንዲራመድ ያዘዘውን ሰው በአንድ ወረቀት ቤት ማስቀመጥ ለማንም የሚቻል ነገር አይደለምና ችሎታዎን አደንቃለሁ።

5ኛ/ ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋናዬ ይህ ነው። እርስዎ ሌላ መንገድ ስላልተዉልኝ አንድ ቅዳሜ ለሙስጠፋ «ሱቁ መስመሩ ሌላ ነው። ኮምፒውተሩን ወደዚያ እወስዳለሁ። ትመጣለህ ወይስ ሲዲውን ለሲስተር ልመልስ?» አልኩት። ከታመመ ጀምሮ ሱቁን አላየም፤ ደንበኞች እጁን እንዲያዩበት አልፈለገም። በግራ እጁ ጫማውን መሳብ ጀመረ። ጎረቤታችን አቶ ሙለታ ስክሪኑን ተሸከሙልን፣ እኔ የኮምፒውተሩን ሳጥን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩ፣ ሙስጠፋ ማውሱን ኪሱ ከትቶ በታክሲ ሄድን።

ኮምፒውተሩን ጨርቅ ሲቆርጥበት በኖረው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው። ጨዋታውን እንደገና ስጭነው መቶ ከመቶ ሞላ። ዓሦቹ ወጡ። ነገር ግን ማውሱን የሚከተለው ቀስት ወደ ጎን ብቻ ይሄዳል እንጂ ወደ ላይ አልወጣ አለ፤ ድምፅም የለውም። እኔ በዚያ ሰዓት ሲዲውን አውጥቼ ልጥለው ነበር። ሙስጠፋ ማውሱን ገለበጠው፣ በግራ አውራ ጣቱ የታችኛውን ክዳን አዙሮ ከፈተ፣ ማውሱን የምታንከባልለውን ትንሽ ኳስ አወጣና ውስጡን አየ። «ክር ነው» አለ። ቤት ውስጥ ልብስ የሚሰፋበትና ኮምፒውተሩ የኖረበት ጠረጴዛ አንድ ነበር። በመርፌ ጫፍ እየጎተተ ያንን ሁሉ ብናኝ አወጣው። ከጥቅምት ወዲህ በዚያ ሱቅ ውስጥ ያበጀው የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነው። ከዚያ ቀኝ እጁን አንስቼ ማውሱ ላይ አደረግሁለት። አንዷን ዓሣ ለመያዝ ከሩብ ሰዓት በላይ ፈጀበት፤ ላብ በላብ ሆነ። ድምፁን ለማስተካከል አልሞከርንም፤ ያለ ድምፅም ይጠመዳል።

አሁን በየቀኑ ሱቅ ይሄዳል። ጣቶቹ ይዘረጋሉ፤ ጨርቅ ላይ የሚያሰምርበትን ሳሙና ይይዛል። አውራ ጣቱ ግን አልመጣም። ባለፈው ሳምንት ሲስተር ሰብለወንጌል ጣቱን ደጋግማ ካየች በኋላ «ታኅሣሥ ላይ ጀምረን ቢሆን…» ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ወረቀቷን አጠፈች። መቀስ ያለ አውራ ጣት አይቆርጥም። ስድስቱ ወር አልቋል።

6ኛ/ ኮምፒውተሩ ከብሎኩ ከወጣ አርባ አንድ ቀን ሆኖታል። መብራቱ አሁንም ይጠፋል። ሽቦው በማን እንደሚግል መርምረው ሌላ ስም እስኪያገኙ ድረስ የባለቤቴ ስም እዚያው በር ላይ ቢቆይ ለኮሚቴው ሥራ እንደሚያመች ይገባኛል፤ ቢሆንም ወረቀቱ እንዲነሳ፣ ጉዳያችን በተመዘገበበት የኮሚቴው ቃለ ጉባኤም «ለጨዋታ» ከሚለው ቃል ጎን «ለሕክምና» የሚል እንዲጨመር በትሕትና እጠይቃለሁ። ሌላ የምጠይቀው የለም፤ የቀረውን እርስዎም መመለስ አይችሉም።

ለደኅንነታችን ሌት ተቀን የሚደክሙትን እርስዎን፣ መላ ቤተሰብዎንና የቁልፍ መያዣዎን ፈጣሪ በጤና እንዲጠብቅልን እየተመኘሁ፣ ሁልጊዜም በጨለማ ደረጃ ላይ ሲያልፉ ቆሜ መንገድ የምለቅልዎ ጎረቤትዎ፣

ሚስራ፣ ከሦስተኛ ፎቅ

ማሳሰቢያ፦ ከስሜ በታች የሚያዩት ጠማማ ፊርማ የሙስጠፋ ነው። ደብዳቤው በእሱም ስም እንዲሆን ፈልጎ፣ እስክሪብቶውን በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ መካከል ይዞ በቀኝ እጁ የፈረመው ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ወስዶበታል። ሱቅ ውስጥ ስለፈረመ ጨረሰው፤ እዚህ ቢሆን ኖሮ ስሙ ግማሽ ላይ ይቀር ነበር።