ሁለት መቶ ሰባ ሦስትን አንዴ የረሱት መምህር

ዛሬ የምንሸኛቸው መምህራችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ሚያዝያ 4 ቀን 1946 ዓ.ም. ከዳቦ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። በልጅነታቸው ውሃ በሞላ ብርጭቆ ቀለም ጠብ አድርገው፣ የተበተነው ለምን ተመልሶ እንደማይሰበሰብ ቢጠይቁ እናታቸው «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ይልቅ ብርጭቆዬን እጠብ» አሏቸው። ጥያቄው ግን አብሯቸው አደገ፤ በ1968 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመረቁ።

በዚያው ዓመት በአንድ የቀለም ፋብሪካ ተቀጠሩ። በ1971 ዓ.ም. ሁለት ነጫጭ ዱቄቶች በአንድ መደርደሪያ ቢቀመጡ ያሰጋ እንደሆነ እንዲያሰሉ ታዘዙ። ስሌቱ ነፃ ኢነርጂ የሚባለውን ይፈልጋል፤ ውጤቱ ከዜሮ ካነሰ ለውጡ ማንም ሳይገፋው በራሱ ሊሄድ ይችላል፣ ከበለጠ አይሄድም። በስሌቱ ውስጥ ኢንትሮፒ የሚባለው የመበተን ልክ በሙቀት መጠን ተባዝቶ ይቀነሳል፤ በቴርሞሜትሩ ቁጥር ላይ ግን አስቀድሞ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት መደመር አለበት። እሳቸው የመጋዘኑን ሃያ አምስት ዲግሪ እንዳለ አስገቡ፤ የሚቀነሰው ስላነሰ ውጤቱ ከዜሮ በለጠ። «ቢቀላቀሉም ምንም አይፈጠርም» ብለው ፈረሙ።

በሳምንቱ ከረጢቶቹ ተቀደዱ። ዱቄቶቹ ተቀላቅለው እንደ በረዶ ቀዘቀዙ። የመጋዘኑ ሠራተኛ «የቀዘቀዘ ነገር ምን ያመጣል» ብለው ጎንበስ ሲሉ፣ የወጣው ጋዝ ግራ ዓይናቸውን አጠፋው። ፋብሪካው የመጋዘኑን ሠራተኛ በቸልተኝነት ከሶ ሊያሰናብታቸው ደብዳቤ አዘጋጀ። መምህራችን ስሌቱን ደግመው ሠርተው ስህተታቸውን አገኙ። ሌላ ያየው አልነበረም፤ ዝም ቢሉ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። የተሳሳተው ስሌት ያለባትን ወረቀት ይዘው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ። የመጋዘኑ ሠራተኛ በሥራቸው ቆዩ፤ መምህራችን ተሰናበቱ።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሦስት ዓመት አስተማሩ። ያቺን ወረቀት በክፍላቸው ግድግዳ ሰቅለው የየዓመቱን ትምህርት በእሷ ይጀምሩ ስለነበር፣ ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ደምሩ» አሏቸው። በ1975 ዓ.ም. ከፋርማሲ ባለሙያዋ ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ አፈሩ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ለዳማ ይመጡ ነበር። «በግራዬ በኩል እንዳታጭበረብር፤ ያንን ጎን ያጠፋኸው አንተው ነህ!» ይሏቸዋል። መምህራችን በግራ በኩል አጭበርብረው አያውቁም። በቀኝ በኩል አልፎ አልፎ ይሞክሩ ነበር።

ሁለት ዓመት በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። ቤተሰቡ ወረቀቷ አብራቸው እንድትቀበር አስቦ ነበር። የዳማ ባልንጀራቸው ግን «እሱ ይረፍ፤ እሷ ገና ሥራ አላት» ስላሉ፣ እዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ ትቆያለች።

የተበተነውን መሰብሰብ የማይሳነው አምላክ ነፍሳቸውን በዕረፍት ስፍራ ያኑርልን፤ ለቀረነው መጽናናትን ይስጠን።