ውሃ የማያፈስ ዕቃ

ለማትጠገቢው እትዬ፣

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ያለ ሰው ትወጪያለሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ እየዳበስሽ ነው? ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ ራስሽ «ደህና ነኝ» ብቻ ብለሽ አልፈሻል። እኔ ደግሞ እንዲህ ቶሎ የሚያልቅ ደህንነት አላምንም፤ የደበቅሽኝ ነገር ካለ ጻፊልኝ። ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ ሁሉ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ። እህል እንደ ነገሩ እቀምሳለሁ፤ እንቅልፍ ግን ከእኔ ጋር ተጣልቷል። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ባለፈው እሑድ ነው። እጄ ሳሙናና ውሃ እንጂ እስክሪብቶ አልለመደም፤ ፊደሉ ቢንጋደድብሽ ታገሺኝ።

መቼ ነው የምትመጪው፣ አልጋውን ካነጠፍን ቆየን ብለሽ ጽፈሻል። እውነትሽን ነው። ከምራቴ ጋር ከእንግዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር አልኖርም፣ ዕቃዬን ሸክፌ ወደ አንቺ እመጣለሁ ያልኩሽ እኔው ነኝ። ያን ስጽፍ ከልቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ካልነገርኩሽ ግን መልሴ አይገባሽም፤ ስለዚህ ከመነሻው ልጀምርልሽ።

ነፍሱን ይማረውና ልጄ ሬዲዮና ስልክ በሚጠግንባት ትንሽ ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ሦስት ተክሎች ነበሩት። አንዱ ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ አንዱ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ሦስተኛው በመስኮቱ ብረት ላይ የሚሳብ ሐረግ ነው። የተከላቸው በአሮጌ የቀለም ባልዲና በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ነበር። በሕይወት ሳለ ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም። ከተቀበረ በኋላ ግን ከእሱ እጅ የቀረ ሕይወት ያለው ነገር እነሱ ብቻ ሆኑብኝ። ሊያጽናኑን ከመጡት ሴቶች አንዷ ወደዚያች ክፍል አንገቷን አስግጋ ከንፈሯን መጠጠች። ለልጄ ይሁን ለጀሪካኑ እስከ ዛሬ አልገባኝም። እኔ ግን ለጀሪካኑ ነው ብዬ ያዝኩት፤ የልጄ ተክሎችም ወግ ያለው ነገር ውስጥ እንዲቀመጡ ቆረጥኩ።

ምራቴ ይህን ስትሰማ እሱ እንደተከላቸው ይቆዩ ብላ ለመነችኝ። እንደምታውቂው ልብስ ሰፊ ናት፤ የኋላው ክፍል ጨለማ ነው፣ የስፌት ማሽኔን ወደዚያ መስኮት ላዙረው ብላ ከቀብሩ በኋላ ጠይቃኝ ነበር፤ እኔም እምቢ ብያታለሁ። ታዲያ ቦታውን የምትፈልግ ሰው ለተክሎቹ የምትቆረቆረው በምን ደግነቷ ነው? እንዲያስጠሉኝና አንስቼ እንድጥላቸው ፈልጋ ነው አልኩ በልቤ።

ገበያ ሄድኩ። ከፕላስቲክ ዕቃ ሻጮቹ መጨረሻ አንድ ሰውዬ አለ፤ አፉ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» ይሉታል። መጀመሪያ ያቀረበልኝ ከሥር የተበሱ የአበባ መትከያዎችን ነበር። ገልብጬ ቀዳዳውን ሳይ ደሜ ፈላ። ጥቁር የለበሰች ሴትዮ፣ ዓይኗ በለቅሶ የፈዘዘ፣ የተበላሸ ዕቃዬን ላራግፍባት ብሎ ነው መቼስ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ዕድሜዬን በሆስፒታል ልብስ እጥበት ቤት በባልዲና በገንዳ መካከል የኖርኩ ሰው ነኝ። የሚያፈስ ዕቃ ምን እንደሚያደርስ ለእኔ አይነገርም። ውሃ አምጣ አልኩት። በእያንዳንዱ ውሃ እየጨመርኩ፣ ሥሩን በመሐረቤ እየጠረግሁ፣ ያፈሰሰውን ሁሉ ወደ ጎን አደረግሁት። እናቴ፣ አበባ ሊተክሉበት ነው ወይስ ውሃ ሊቀዱበት ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ስለ ዕቃ አንተ አታስተምረኝም አልኩት።

በመጨረሻ ከኋላ ሦስት ነጫጭ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ሳሕናቸው ከሥራቸው የተጣበቀ መትከያዎች አወጣ። ውሃ ሞላሁባቸው፤ ጠብ የሚል የለም። እነዚህ ላይ የቀዳዳው ምልክት ብቻ ነው ያለው፣ ቤትዎ ሲደርሱ በጋለ ነገር ይበሱታል አለኝ። ይህንንም አላመንኩትም። ስበሳው ሊሰነጠቅ፣ ተመልሼ ከእሱው ልገዛ፤ ብልሃቱ ገባኝ ብዬ ተሸክሜያቸው ሄድኩ።

ተክሎቹን አዛወርኳቸው። አሮጌዎቹን ሳነሳ ሥራቸው ወንፊት ሆኖ አገኘሁት፤ አርጅተው የተበሱ ስለመሰለኝ ለቆሻሻ ሰብሳቢው ሰጠኋቸው። ክፍሏ አማረች። ምራቴ በሩ ላይ ቆማ አይታ ምንም ሳትል ተመለሰች። ዝምታዋን አልወደድኩትም።

ብዙም ሳይቆይ የሰፊ ቅጠሉ ተክል ከሥር ከሥሩ ቢጫ እየሆነ ይረግፍ ጀመር። ውሃ በዝቶበት ይሆናል ብዬ ማጠጣቴን ተውኩ። በሌላ ቀን ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሳስገባ እርጥብ ነው። ሰነበትኩና ደግሜ ነካሁት፤ አሁንም እርጥብ ነው። እትዬ፣ አስቢው፤ በዚህ ቤት ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። እኔ አላጠጣሁም። ታዲያ ማን አጠጣው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ጣልኩባት። ኩባያ ይዛ ካለፈች እከተላታለሁ፤ የልብስ ውሃ ስትደፋ የት እንደምትደፋው አያለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ከራሷ የስፌት ክር ቆርጬ ከልጄ ክፍል በር እጀታ ከጎኑ እስካለው ምስማር ወጥሬ አሰርኩና ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ክሩ ተበጥሷል። አገኘሁሽ አልኩ። እሷን ግን ምንም አላልኳትም። በልተን እንነሳለን፤ ማንኪያው ብቻ ነው የሚሰማው።

ሰፊ ቅጠሉ ሞተ። ቀጥሎ ያ እንደ ጎራዴ የቆመው እንደ ዘፈዘፉት ሳሙና ከሥሩ ሟሙቶ ወደቀ። ለአንቺ እመጣለሁ ብዬ የጻፍኩት የዚያን ዕለት ነው። ሐረጉ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም ማዘንበል ጀምሯል። ልጄን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ፤ ምራቴ ደግማ በየተራ ስታስቀብረኝ ቁጭ ብዬ አላይም አልኩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣልሽ። ባለፈው ሳምንት እጥበት ቤት የእንፋሎቱ ቧንቧ ፈንድቶ ከቀትር በፊት ወደየቤታችን ሰደዱን። ደረጃውን አጋምሼ አንድ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። የጋለ ብረትና የሚቃጠል ፕላስቲክ ሽታ። ልጄ ሥራ ላይ ሲሆን ቤቱ እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ ሸሚዙን ደጋግሜ አሽቼ እንኳ አይለቅም ነበር። ለአፍታ ያህል አለ ብዬ አመንኩ። የደረጃውን ብረት ጨብጬ ቆምኩ፤ በሩን መክፈትም ፈራሁ፣ አለመክፈትም ፈራሁ።

ስገባ ምራቴ የእሱ ክፍል ወለል ላይ ተቀምጣለች። ሐረጉን ከነሥሩ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች። ነጩን መትከያ ገልብጣ፣ ልጄ ሽቦ የሚያጣብቅባትን በኤሌክትሪክ የምትግል ብረት ይዛ ሥሩን ትበሳለች። ያቺን ብረት ከሞተ ጀምሮ እኔ እንኳ አቧራዋን አልጠረግሁም።

«የልጄን ዕቃ ማን ንኪ አለሽ?» አልኳት።

ቀና አላለችም። «እማዬ፣ ውሃው እኮ መውጫ የለውም» አለችኝ።

አጠገቧ ባልዲ ነበር፤ ከመትከያው የወጣው ጥቁር ውሃ በውስጡ አለ። አሁንም አላመንኳትም። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። እጥበት ቤት ማዕዘን ላይ የተረሳ እርጥብ አንሶላ የሚሸተው ዓይነት ነው። ከዚያች ትንሽ ዕቃ ያ ሁሉ ውሃ መውጣቱ ገረመኝ። ማንም አልጨመረበትም፤ የእኔው ውሃ ነው፣ የመጀመሪያው ሳምንት ያጠጣሁት፣ መሄጃ አጥቶ እዚያው የተኛ። የልጄ ባልዲዎች ሥራቸው ወንፊት የሆነው አርጅተው እንዳልነበረም ያኔ ነገረችኝ። በዚያችው ብረት እየበሳ፣ በሁለት ጣውላ ላይ እያስቀመጠ፣ ተክል በራሱ ውሃ ላይ ከተቀመጠ ሥሩ ይበሰብሳል እያለ ያሳያት ነበር። አንስቼ ለቆሻሻ ሰብሳቢው የሰጠሁት የልጄን የእጅ ሥራ ነው ማለት ነው። ይህ እስካሁን አንጀቴን ይበላኛል።

ክሩንስ ማን በጠሰው አልኳት። እሷው ናት። እኔ ሥራ ስሄድ ገብታ ልጄ ሲሠራ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ትቀመጣለች። «ማሽኑን እዚያ ላድርግ ያልኩት ለመስኮቱ ብርሃን ይመስልዎታል?» አለችኝ። እኔም ማታ እሷ እንቅልፍ ሲወስዳት የምቀመጠው እዚያው ወንበር ላይ ነው። ለምን ታዲያ ስለ ቀዳዳው ቀድመሽ አልነገርሽኝም ብላት፣ «ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር ወይ?» አለች። እውነቱን ለአንቺ ልንገርሽ፤ አላምናትም ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔ መትከያውን ያዝኩላት፣ እሷ በሳች። ከሥሩ የተጣበቀውን ሳሕን በቢላ ፈለቀቀችው። የበሰበሱትን ሥሮች በስፌት መቀሷ ለቅማ ቆረጠች፤ እኔ ደግሞ ጤነኛውን አብራ እንዳትቆርጥ ከመቀሱ ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። አዲስ አፈር አደረግንበትና በሁለት ጣውላ ላይ አስቀምጠን ውሃ አፈሰስንበት። ሁለታችንም ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብለን ከሥሩ እናይ ጀመር። ቆየብን። ከዚያ አንድ ጠብታ ወረደ፣ ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልጽፍልሽም፤ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ በሩን እስኪደበድብ ድረስ ተላቀስን ብቻ ልበልሽ።

ያ ነጭ መትከያ ስስ ስለሆነ ከአንዱ ቀዳዳ ጀምሮ መሰንጠቅ አመጣ። ስለዚህ ወደ ሻጩ ወደ «ሬዲዮ» ተመለስኩ። ውሃ አምጣ አልኩት፤ አሁን ደግሞ ያላፈሰሰውን ወደ ጎን አደርግ ጀመር። ባለፈው የሚያፈሰውን እምቢ ብለው፣ ዛሬ የማያፈሰውን እምቢ ይላሉ፣ ለእርስዎ ምን ዓይነት ዕቃ ይሠራ ብሎ ጮኸ። ቀኑን ሙሉ ስታወራ ትውላለህ፣ ለእኔ ሲሆን ነው ወይ ቃል ያጠረህ አልኩት። ተናግሬ ነበር ብሎ ይምላል። መናገሩንስ ተናግሯል፤ ግን በደንብ አልተናገረም። የተበሳ፣ ሳሕኑ የሚነሳ አንድ መትከያ ገዝቼ ተመለስኩ።

ሐረጉ አሁን ሙሉ ሳምንት ቅጠል አልጣለም። አዲስ ቅጠል አወጣ ብዬ አልዋሽሽም፤ ገና ነው። ሊያታልለኝ እንዳይሆን ጠዋት ጠዋት ጠጋ ብዬ አየዋለሁ። የስፌት ማሽኑን ወደ መስኮቱ ያዞርነው ሁለታችን ገፍተን ነው፤ የጨርቅ ብናኝ ቅጠሉ ላይ እንዳታራግፊ ብቻ ብያታለሁ። በር ላይ ክር ማሰሩን ትቻለሁ። የመትከያውን ሳሕን ግን ከሥራ ስገባ አነሳዋለሁ፣ ውሃ ተጠራቅሞ እንደሆን ልደፋው። ሁልጊዜ ተደፍቶ፣ ተጠርጎ ነው የማገኘው።

ስለዚህ እትዬ፣ ለጊዜው አልመጣም። እንዳትቀየሚኝ። አልጋውን ግን አታፍርሱት፤ አንድ ቀን ሁለታችንም መጥተን እንተኛበት ይሆናል። ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልሽ ሾፌር እጅ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የሐረጉን ቅርንጫፍ ልኬልሻለሁ፤ ጤነኛውን መርጣ የቆረጠችው ምራቴ ናት። ይህኛው ቢሞትብን እንኳ ልጄ የተከለው አንቺ ቤት ይኑር። ሥር እስኪያወጣ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አቆዪው። ከዚያ ፕላስቲክ መትከያ ግዢ፣ ግን ሻጩን አትመኚ። ገልብጠሽ ወደ ብርሃን አንሺው፤ ምልክት ብቻ ሆኖ ያልተበሳ ቀዳዳ አለ፣ ጣትሽን ሳታስገቢ አትመኚው። ሥሩ ወለል ላይ ልጥፍ የሚል ሳይሆን እግር ነገር ያለው ይሁን። ሳሕኑ የሚነሳ ይሁን፣ ውሃው እንዲደፋ። በጣትሽ ስትጫኚው የሚታጠፍ ከሆነ መልሺለት። ቢምልልሽም መልሺለት።

ባለቤትሽን ስለ ሳሉ ሐኪም ምን አለህ በይልኝ፤ ዕረፍ ብሎኛል ካለሽ ሐኪሙን ራስሽ ጠይቂው። ትልቁን ልጅሽን ሰላም በይልኝ። ያቺን የምትኮላተፈውን የልጅ ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ደብዳቤው ላይ የሳለችልኝ ነገር ሰው ይሁን ዶሮ አልለየሁትም፣ ግን ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለምራትሽ ልዩ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ከእሷ ጋር ሳትጣዪ ቆዪ። የእኔዋ ምራት እጅሽን ትስማለች፣ ጉልበትሽን በሞቀ ጨርቅ ያዢው ብላለች። አሁን ማሽኗ ላይ ሆና ቀና እያለች ታየኛለች፤ ስለ እሷ የምጽፍ መስሏት ስፌቷን ሁለት ጊዜ ፈታችው። አልነግራትም። ይህን ያህል ጊዜ እኔ ጠርጥሬአለሁ፤ እስቲ ደግሞ እሷ ተራዋን ትጠርጥር።

ታናሽሽ

ከልጄ መስኮት ሥር
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል